ድንጋይ ጥበቃ

ሦስት ምሽት በተከታታይ የሰው ፍርድ ሳነብ አመሸሁ። በጉዳዩ ከሳሽም ተከሳሽም አይደለሁም። ኤርትራና የመን በቀይ ባሕር ስላሉት ሐኒሽ ደሴቶች ለግልግል ዳኝነት ቀርበው የተሰጣቸው ውሳኔ ነው። ሰነዱ እጄ ከገባ ቆይቷል፤ ለማንበብ ግን ልቤ እምቢ እያለኝ ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ ሳዛውረው ኖርኩ። በመዝገብ ቤት ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ስለቆየሁ የወረቀት ብዛት አያስፈራኝም። ነገሩ ሌላ ነው፤ ያደግሁት አሰብ ነው።

አባቴ የወደብ ጭነት ቆጣሪ ነበር። መርከብ ሲራገፍ ከክሬኑ አጠገብ ቆሞ ስንት ጆንያ ወረደ፣ ስንቱ ተቀደደ፣ ስንቱ ረጠበ እያለ ይመዘግባል። ቤታችን ካምቦ ሱዳን በሚባለው የአሰብ ሰፈር ነበር። በአንድ ግድግዳ የባሕር ኃይል ባለማዕረግ ከነቤተሰቡ ይኖራል፤ በሌላው ግድግዳ አንድ አፋር ዓሣ አስጋሪ።

የባሕር ኃይሉ ጎረቤታችን ቅኝት ውሎ አድሮ ሲመለስ የፊቱ ቆዳ በፀሐይ ተልጦ ነበር የሚመጣው። የት ከርመህ ነው ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ድንጋይ ጥበቃ!» ውኃ የለው፣ ዛፍ የለው፣ ሰው የለው፣ ማን ይሰርቀዋል ብለው ነው የሚልኩን እያለ ይራገማል። ሚስቱ ደግሞ ቡናውን እየቀዳች «ደመወዝህን የሚከፍልህ ድንጋዩ ነውና አትሳደብ» ትለዋለች።

አፋሩ ጎረቤታችን ወደዚያው ድንጋይ የሚሄደው በሁሪ፣ በትንሽ ጀልባ ነው። እኛ ልጆች «ጋሼ» ስንለው ይስቅ ነበር። ሄዶ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ሻርክ ይይዛል፣ ቀዶ በጨው አሽቶ ድንጋዩ ላይ ያደርቃል። እዚያ ከየመን የመጡ አስጋሪዎች ያገኛል። ክብሪት ያለቀበት ክብሪት፣ ውኃ ያለቀበት ውኃ ይበደራል። በመካከላቸው ጠብ የለም ማለቴ አይደለም፤ መረብ ተቆረጠ ብሎ ተደባድቦ አንድ ጊዜ ቅንድቡ ተተርትሮ መጥቷል። ደሴቱ የማን ነው በሚል ግን ሲደባደብ አልሰማሁም።

ደሴቶቹ ከአሰብ በስተሰሜን፣ ባሕሩ በሚጠብበት አካባቢ ተሰድረው ይገኛሉ። ወደ ኤርትራ ጠረፍ የሚቀርቡት ትንንሾቹ የሞሐባካ ደሴቶች ናቸው። ወደ መሐል ሲዘለቅ ታላቁ ሐኒሽ ይመጣል፤ ርዝመቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ከእሱ በላይ ዙቀር አለ፤ ጫፉ ከባሕር ወለል ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ሰሜን ርቀው ብቻቸውን የተቀመጡት ደግሞ ዙበይርና ጀበል አጥ ጠይር ናቸው። ሁሉም እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው። ጎረቤታችን «ድንጋይ» ማለቱ ስድብ ብቻ አልነበረም።

ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከኦቶማን ቱርክ ውድቀት ነው። ቱርክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ እ.ኤ.አ. በ1923 ሎዛን ላይ ስትፈርም ደሴቶቹን ለቀቀች፤ ለማን እንደለቀቀች ግን አልተጻፈም። የውሉ 16ኛ አንቀጽ የወደፊት ዕጣቸውን የሚመለከታቸው ወገኖች ይወስናሉ ብሎ ያልፋል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛም ቢሮ ማንም ሊነካው የማይፈልገው መዝገብ ሲመጣ ዳር ላይ «ለጊዜው ይቆይ» ብለን ጽፈን መደርደሪያ ላይ እናወጣዋለን። ያ መዝገብ ተመልሶ የሚወርደው ሰው ሲጣላ ነው። ሐኒሽም መደርደሪያ ላይ ወጣች። ጣሊያን ከአሰብና ከምጽዋ፣ እንግሊዝ ከኤደን ሆነው ሲተያዩ ቆዩና እ.ኤ.አ. በ1938 አንዳቸውም እዚያ ሉዓላዊነት እንዳይመሠርቱ፣ ምሽግም እንዳይሠሩ ተስማሙ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የመብራቱ ታሪክ ነው። ቱርኮች ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ፈቃድ ሰጥተው በእነዚህ ደሴቶች ላይ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳዩ የባሕር መብራቶች አስተክለው ነበር። ቱርክ ከሄደች በኋላ መብራቱ እንዳይጠፋ ሁሉም ይፈልጋል፤ መርከቡ ድንጋይ ላይ እንዲወጣበት የሚሻ የለም። ስለዚህ መብራቱን እንግሊዞች እያስጠበቁ ወጪውን የሚጠቀሙት አገሮች ይጋሩ ጀመር። ሆኖም መብራት መጠበቅ ባለቤትነትን አያስከትልም የሚል ቃል ጨመሩበት። ቤቱ ያንተ አይደለም፣ ፋኖሱን ግን አደራ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ላይ ተሰብስበው ከዚህ በኋላ ወጪውን ማን ይሸከም ሲባል፣ እኔ ልያዘው ያለችው የመን ነበረች። ማንም አልተቃወመም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህች ፈቃደኝነት ዳኞች ፊት ስትመዘን ክብደት አገኘች።

የእኛስ ድርሻ? ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል ጠረፉን መጠበቅ የኢትዮጵያ ሥራ ሆነ። የጎረቤታችን ድንጋይ ጥበቃ የዚያ ተከታይ ነው። ጥበቃው ለድንጋዩ ፍቅር አልነበረም። ባሕር ተሻግሮ ለኤርትራ አማጽያን የሚገባውን መሣሪያና ስንቅ ለመያዝ ነበር። ይህን የማነሣው በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት የባሕር ኃይሉ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ጠፋ። ጠዋት ስንነሣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የቡና ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ናቸው። እናቴ አጥባ አስቀመጠቻቸው፤ የሚወስዳቸው አልመጣም። እኛ ግን ቀረን። ወደቡ ለኢትዮጵያ ጭነት መሥራቱን ስለቀጠለ ቆጣሪ ያስፈልግ ነበር።

ታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የመን ታላቁ ሐኒሽ ላይ ሆቴልና የጠላቂዎች መዝናኛ እንዲሠራ ፈቅዳለች፤ ኤርትራ ደግሞ ልቀቁ ብላለች። ከታኅሣሥ 5 ጀምሮ ለሦስት ቀን ተዋጉ። ኤርትራ ደሴቱን ያዘች፤ ወደ 200 የሚጠጉ የመናውያን ተማረኩና ወሩ ሳያልቅ ተለቀቁ። አሰብ ውስጥ የሆነውን ግን በዓሣው ነው የማስታውሰው። ለቀናት ወደ ባሕር የሚወጣ ጀልባ አልነበረም። ከየመኖቹ ምድጃ የሚወጣው የተጠበሰ ዓሣና የትኩስ ቂጣ ሽታ ከመንገዱ ጠፋ። ጋሼ ሁሪውን አሸዋ ላይ ደፍቶ በሥሯ ጥላ ተኝቶ ዋለ። አባቴ «ምን ተባለ?» ሲለው «ሆቴል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ውኃ በጀሪካን በሚሄድበት ድንጋይ ላይ ሆቴል!

ፈረንሳይ አሸማገለች። ግንቦት 13 ቀን 1988 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በመርሕ ተስማሙ፤ መስከረም 1989 ዓ.ም. ዳኝነቱን የሚያቋቁመውን ውል ፈረሙ። አምስት ዳኞች ተቀመጡ፤ ሰብሳቢው እንግሊዛዊው ሰር ሮበርት ጄኒንግስ ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ አሜሪካዊው ስቴፈን ሽዌብል ኋላ በእኛና በኤርትራ የድንበር ኮሚሽንም ተቀምጠዋል። የቀይ ባሕር ሰው ጠብ ለእኚህ ሰው ጥሩ መተዳደሪያ ሆኗል ብዬ አሰብኩና ራሴን ገሠጽኩ።

እኛ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ጦርነት ሲጀመር ሥራችንን አጣን። ወደቡ ላይ የኢትዮጵያ ጭነት ቆመ፤ የሚቆጠር ነገር አልነበረም። በሰኔ በአሰብ መንገድ ድንበር ላይ ባለችው ቡሬ በኩል ወጣን። ውሳኔው መስከረም 29 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲሰጥ አዲስ አበባ ከአክስቴ ቤት ሳሎን ወለል ላይ ተደርድረን እንተኛ ነበር። ዜናውን በሬዲዮ ሰማነው፤ ታላቁ ሐኒሽና ዙቀር ለየመን፣ ሰሜኖቹ ዙበይርና ጀበል አጥ ጠይርም ለየመን፣ ሞሐባካና ወደ ጠረፍ የሚቀርቡት ለኤርትራ።

ያኔ ያልገባኝ ሰሞኑን ሳነብ ገባኝ። ኤርትራ ለደሴቶቹ ያቀረበችው መከራከሪያ ከጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እኔ ተላልፈዋል የሚል ነው። ማስረጃ ከተባሉት አንዱ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ቅኝት ነው። የጎረቤታችን ድንጋይ ጥበቃ ማለት ነው! አማጽያንን ለመያዝ የወጣው ሰው ድካም፣ እነዚያው አማጽያን መንግሥት ሆነው ሲከራከሩ የእነሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ያውም ፍርዱ የተሰጠው ሁለቱ አገሮች ባድመ ላይ ምሽግ ለምሽግ ተፋጥጠው በነበረበት ወራት ነው። ያ ሰው በሕይወት ካለ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? ሚስቱ የምትለውን ግን አውቃለሁ።

የመን በበኩሏ ደሴቶቹ የመንን ይገዙ ከነበሩት ኢማሞች ዘመን ጀምሮ የእኔ ናቸው፣ ቱርክ ስትሄድ ወደ እኔ ተመልሰዋል አለች። ዳኞቹ ይህንንም አልተቀበሉም። የሁለቱንም የጥንት ታሪክ ወደ ጎን አድርገው፣ በቅርብ ዓመታት ማን ምን አደረገ፣ ማን መብራት ጠበቀ፣ ማን ለነዳጅ ፍለጋ ውል ሰጠ፣ ማን ወረደበት የሚለውን አንድ በአንድ መዘኑ። ሚዛኑ ለሐኒሽና ለዙቀር ወደ የመን አዘነበለ፤ በብዙ አይደለም፣ በመጠኑ። አባቴ ቢያነበው ደስ ይለው ነበር፤ እሱም የሚያምነው ያን ቀን የወረደውን ጆንያ እንጂ የመርከቡን ዝና አልነበረም። ኤርትራም በሌላ በኩል ጦርነት ላይ ሆና ፍርዱን ተቀብላ ለቀቀች፤ ጥቅምት 22 የመን ታላቁን ሐኒሽ ተረከበች። ይህ ለኤርትራ መንግሥት የሚነገርላት ነው፤ ሰላሳ ጊዜ ብናማትም ይህቺን መካድ አልፈልግም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ንባቤን አቆምኩ። ዳኞቹ ደሴቶቹ ለየመን ናቸው ካሉ በኋላ የሁለቱም አገር ባህላዊ ዓሣ አስጋሪዎች እንደ ቀድሞው ይጠቀሙበታል ብለው ወሰኑ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1992 ዓ.ም. በተሰጠው ሁለተኛ ውሳኔ የባሕሩን ወሰን ሲያሰምሩ ደግሞ አብራሩት፤ አስጋሪው ደሴቱ ላይ ማረፍ፣ ጀልባውን መጠገን፣ ዓሣውን ማድረቅ፣ በሁለቱም አገር ወደብ ገብቶ መሸጥ ይችላል። ዓሣውን ማድረቅ! አምስት ሊቃውንት፣ ስንት ጠበቃ፣ ስንት ሣጥን ካርታ ተዘርግቶ ጋሼ ማንንም ሳይጠይቅ ያደርግ የነበረውን ፈቀዱለት። በወረቀት ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ኤርትራ የየመን አስጋሪዎችን ከነጀልባቸው ያዘች የሚል ዜና ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ከአሰብ ስንወጣ ጋሼ በጆንያ የጠቀለለ ደረቅ ሻርክ ለእናቴ ሰጣት። ከሐኒሽ ነው አላለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከቡሬ እስከ አዲስ አበባ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ሁሉ ረገመን። አክስቴ ደጃፍ ላይ አፍንጫዋን ይዛ «ይህ ነገር ቤቴ አይገባም» ስላለች ጆንያው ከኩሽናው ጣራ ላይ ተሰቀለ። ስለ ፍርዱ በሬዲዮ የሰማን ዕለት አባቴ ተነሥቶ ወጣ፤ ጣራው ላይ ሲንኳኳ ቆየና ተመልሶ የሲሚንቶ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በዚያ ትንንሽ በሆነ የቆጣሪ እጁ ጻፈ፦ ገቢ 11፣ በድመት የጠፋ 4፣ ቀሪ 7።