እንባ ጠባቂ ካሳ አይፈርድም

ጎንደር ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ክስ እጽፋለሁ። ራፖር ጸሐፊ የምትሉን ሰዎች ነን። ከቀበሌ ወይም ከክፍለ ከተማ ሹም ጋር ተጋጭቶ ንብረቱ የጠፋበት ሰው ሲመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለኝ «ለእንባ ጠባቂ ጻፍልኝ፤ ያስከፍሉልኝ» ነው። እጽፋለሁ። ገንዘቡን ግን እንባ ጠባቂ አያስከፍልም። ሰው ይህን ሳያውቅ ሲጠብቅ ሲጠብቅ የክስ ጊዜው አልፎበት ሳይ ያንገበግበኛል።

የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የአስተዳደር በደልን እንዲመረምር ነው። አቤቱታ ማቅረብ በነፃ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ማመልከት ይችላል። ተቋሙ በደል ካገኘ ጥፋቱን ለይቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ምን ማስተካከል እንዳለበት ይገልጻል። ለተበዳዩ ካሳ ይገባል ብሎ ሐሳብ ሊያቀርብም ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም። «ይህን ያህል ብር ክፈል» ብሎ የሚያዘው፣ እምቢ ሲባልም ንብረት ይዞ የሚያስፈጽመው ፍርድ ቤት ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት መጡ። የቆርቆሮ ሱቃቸውን አፍርሰውባቸዋል። ሚዛናቸው፣ የዘይት ጀሪካኖቻቸው፣ ግማሽ ኩንታል ስኳራቸው መኪና ላይ ተጭኖ ሄዷል። ልጃቸው የጠፋውን ዕቃ ከነዋጋው በደብተር ወረቀት ላይ ዘርዝራላቸዋለች፤ ከሥር የሻማና የክብሪቱ ዋጋ ሳይቀር አለ።

«እትዬ፣ ዕቃውን ሲወስዱ ሞዴል 19፣ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ፣ ቆርጠውልዎታል?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ስሜንም የጠየቀኝ የለ።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ዕቃ ሲረከብ ደረሰኝ ይቆርጣል። ካልቆረጠ ዕቃው የት ገባ? ማን አዘዘ? በየትኛው ደብዳቤ? እሳቸው ይህን ጥያቄ ቢሮ ገብተው ቢያነሱ «ነገ ይምጡ» ነው የሚባሉት። እንባ ጠባቂ ግን ኃላፊውን መጠየቅና ሰነድ ማየት ይችላል። በመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ በቁጥር 590/2000፣ መረጃ የተከለከለ ሰው አቤት የሚልበት ቦታም ይኸው ተቋም ነው። ስለዚህ ወደዚያ የምልካቸው ገንዘብ ፍለጋ ሳይሆን ወረቀት ፍለጋ ነው። የማፍረሻው ትዕዛዝ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የምርመራው ውጤት፣ ሁሉም ኋላ ለክሱ ይጠቅማል።

ማንን እንደሚከሱ የሚያሳየውም ይኸው ወረቀት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ መንግሥትንም ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት አይጠየቅም፤ ሰውየው ራሱ ነው የሚከፍለው። ሹሙ በቅን ልቦና፣ ሥልጣኔ ነው ብሎ፣ ለመንግሥት ጥቅም አስቦ ነው የሠራው ወይስ ቂም ይዞ? ይህ ሳይለይ የተጻፈ ክስ ተከሳሹን ይስታል።

አሁን ዋናውን ልናገር። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ የዚያው ሕግ ቁጥር 2143 ነው። እንባ ጠባቂ ዘንድ ማመልከት ክስ መክፈት አይደለም። አቤቱታዬ እየታየ ነው ብሎ የተቀመጠ ሰው ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ተከሳሹ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜው አልፏል የሚል መቃወሚያ፣ ያነሳበታል። በቃ፣ እውነቱ በእጁ እያለ መዝገቡ ይዘጋል።

በሌላ በኩል፣ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን እንባ ጠባቂው አይመረምርም። አዋጁ ከልክሎታል። በምርጫ የተቋቋመ ምክር ቤት በሕግ አውጪነቱ የሰጠውን ውሳኔና ዋና ኦዲተር እየመረመረው ያለውንም ጉዳይ እንዲሁ አይነካም። እንግዲህ መጀመሪያ ከሰሱ ማለት የምርመራውን በር በገዛ እጅዎ ዘጉ ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ራሱ በጽሑፍ አቤት ማለት፣ ግልባጩን ገቢ አስደርጎ መያዝ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ እንባ ጠባቂ፣ ከዚያ ክስ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «በሁሉም በር አንኳኩ» እያሉ በአንድ ቀን ለሦስት ቦታ ይጽፋሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ደንበኛውን ለወጪ ይዳርጉታል፤ አንዱ በር ሌላውን ይዘጋበታል።

እትዬን የዳኝነት ክፍያው ያስፈራቸው ነበር። አቅም የሌለው ሰው ማስረጃ አቅርቦ በነፃ ልክሰስ ብሎ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጠበቃ መቅጠር ያልቻለውን ሁሉ ወደዚያ ነው የምመራው።

የእትዬን አቤቱታ ለእንባ ጠባቂው ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ጽፌላቸዋለሁ። የደብተሩን ዝርዝር አባሪ አድርገን፣ ዕቃው ሲጫን ያዩ ሁለት ጎረቤቶችን ስም አክለናል። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ስድስት ወር ሲቀረው፣ መልስ መጣም አልመጣም ክሱን እናስገባለን።