«ከመጣ»፣ «ቢመጣ» እና «ኢፍ»፦ የእንግሊዝኛን ኮንዲሽናል በአማርኛ በኩል የተረዳሁበት መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የትርጉም ሥራ ይሰጡኝ ለነበሩ አንድ ደንበኛ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስጽፍ፣ ሰነዱ ሰኞ ከደረሰኝ ሐሙስ እንደማስረክብ ለመግለጽ «ኢፍ አይ ሪሲቭድ ዘ ዶክዩመንት ኦን መንዴይ፣ አይ ዉድ ፊኒሽ ኢት ኦን ተርስዴይ» የሚል ዐረፍተ ነገር አሰፈርሁ። ደንበኛዬ በመልሳቸው ሰነዱ ሰኞ እንዳይደርሰኝ የሚያደርግ ችግር እንዳለ ጠየቁኝ። እኔ ቁርጥ ያለ ቃል የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ያነበቡት «ይደርሰኛል ብዬ አልጠብቅም እንጂ ቢደርሰኝማ ሐሙስ በጨረስሁት ነበር» የሚል የጥርጣሬ ቃል ነበር።

ይህ የገጠመኝ ደንቡን ሳልማር ቀርቼ አይደለም። ዜሮ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚባሉትን የኮንዲሽናል፣ ማለትም በ«ኢፍ» የሚጀምሩ ሁኔታን የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮች፣ ዓይነቶች ከነቀመራቸው በቃሌ አውቃቸው ነበር፤ በፈተና ላይም ብዙ አልሳሳትም ነበር። ይሁን እንጂ በፈተና ወረቀት የዐረፍተ ነገሩ አንድ ወገን ተጽፎ ስለሚሰጥ ሌላውን ወገን እርሱ ራሱ ይጠቁማል፤ በደብዳቤ ግን ሁለቱንም ወገን የሚመርጠው ጸሐፊው ነው፣ ቀመሩም የትኛውን መቼ መምረጥ እንደሚገባ አይናገርም።

የስሕተቱን ምንጭ ያገኘሁት በአእምሮዬ የነበረውን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው አጠገብ ጽፌ ቃል በቃል ሳስተያይ ነው። «ከደረሰኝ» ከሚለው ላይ «ከ» ቢነሣ የሚቀረው «ደረሰኝ» ነው፤ ይህም የኀላፊ ጊዜ ቅርጽ ነው። አማርኛ ገና ላልሆነ፣ ነገር ግን ሊሆን ለሚችል ጉዳይ የኀላፊውን ቅርጽ ይጠቀማል፤ «ነገ ከመጣ» ስንል «መጣ» ስለ ትናንት እንደማይናገር ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል። ነገሩ የሚያጠራጥር ወይም በሐሳብ ብቻ ያለ ሲሆን ግን በአመዛኙ «ቢመጣ» እንላለን፤ በውስጡ ያለውም «ይመጣል» በሚለው ግስ ላይ የምናገኘው፣ ገና ያላለቀ ድርጊትን የሚያሳየው ቅርጽ ነው። እንግሊዝኛ የዚህን ግልባጭ ያደርጋል፦ ለሚጠበቀው ነገር የአሁን ጊዜን፣ ለሚያጠራጥረው ደግሞ የኀላፊ ጊዜን ይመርጣል። ስለዚህ «ከደረሰኝ»ን እንዳለ ወደ «ሪሲቭድ» ስወስደው፣ በአማርኛ ተስፋ የነበረው ቃል በእንግሊዝኛ ጥርጣሬ ሆኖ ወጣ። ይህን በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ተጽፎ አላገኘሁትም ነበር፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ከቀመሮቹ ሁሉ በፊት ሊነገር የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኀላፊ ጊዜ ስለ አሁንና ስለ ነገ የሚነገርበት ምክንያትም ለረጅም ጊዜ ባዕድ ሆኖብኝ ነበር። የፈታልኝ የራሳችን «ነበር» ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ አበድርህ ነበር» የሚል ሰው የሚናገረው ስለዚህች ሰዓት ነው፤ «ነበር» የገባው ገንዘቡ በእጁ አለመኖሩን ሊያሳይ እንጂ ጊዜው ማለፉን ሊያመለክት አይደለም። እንግሊዝኛ በ«ሃድ» እና በ«ዉድ» የሚያደርገውም ይኸው ነው፦ የኀላፊው ቅርጽ ከጊዜ ርቀት ይልቅ ከእውነት መራቅን ይገልጻል። «ኢፍ አይ ወር ዩ» የሚለው አባባልም በዚህ መንገድ ሲታይ እንግዳነቱ ይጠፋል፤ እኔ አንተን ልሆን አልችልምና።

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን ትቼ፣ ከመጻፌ በፊት ራሴን ሁለት ነገር መጠየቅ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ በሩ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል፣ ማለትም ነገሩ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነው። ክፍት ከሆነና ነገሩን የምጠብቀው ከሆነ በ«ኢፍ» ወገን የአሁን ጊዜን፣ በሌላው ወገን «ዊል»ን እጽፋለሁ፤ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንደሚረጋ ያለ ዘወትር የሚሆን ነገር ሲሆን ደግሞ በሁለቱም ወገን የአሁን ጊዜ ይበቃል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው በሩ የተዘጋ እንደሆነ ነው፤ የተዘጋው አሁን ነው ወይስ ቀድሞ?

አማርኛ ይህንን ሁለተኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይመልስ ያልፈዋል። «ባውቅ ኖሮ እነግርህ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር «አሁን ስለማላውቅ አልነግርህም» ማለትም፣ «ያን ጊዜ ስላላወቅሁ አልነገርሁህም» ማለትም ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከጨዋታው ሂደት ነው። እንግሊዝኛ ግን ምርጫውን ግድ ይላል፤ ለመጀመሪያው «ኢፍ አይ ኒው፣ አይ ዉድ ቴል ዩ»፣ ለሁለተኛው «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ዩ» ነው የሚባለው። እኔ «ኖሮ»ን ባየሁ ቁጥር ሦስተኛ ወደሚባለው ወደዚህ ወደ «ሃድ ኖውን» ዓይነት እሮጥ ስለነበር፣ ስለ አሁን የምናገረው ሁሉ ያለፈ ጉዳይ እየመሰለ ይነበብ ነበር። ጥያቄውን ለሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ማንሣት እንደሚገባም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ሕክምና ተምሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሐኪም እሆን ነበር ለማለት ትምህርቱ ያለፈ፣ ሐኪምነቱ የዛሬ ስለሆነ፣ አንዱ ወገን «ሃድ ስተዲድ»፣ ሌላው «ዉድ ቢ» ይሆናል።

ትንንሾቹ ስሕተቶች በልምምድ ለቀቁኝ። የወደፊት ጊዜን የሚያመለክተውን «ዊል» ከ«ኢፍ» ቀጥሎ መጻፍ አንዱ ነበር። ሌላው «ካልመጣ»ን «አንለስ ሂ ዳዝንት ከም» ማለት ነው፤ «አንለስ» አሉታውን በራሱ ስለያዘ «አንለስ ሂ ከምስ» ይበቃል።

ከወራት በኋላ ለእኒያው ደንበኛ ስለ ሌላ ሥራ ጻፍሁላቸው፤ የሰነዱ ሁለተኛ ክፍል አልደረሰኝም ነበርና «ኢፍ ዘ ሰከንድ ፓርት ሃድ ሪችድ ሚ ኦን ፍራይዴይ፣ አይ ዉድ ሃቭ ፊኒሽድ ባይ ናው» አልሁ። አልደረሰኝም የሚል ሌላ ቃል አልጨመርሁም። በዚያው ዕለት ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠይቀው ቀሪውን ክፍል ላኩልኝ።