የእርዳታ ገንዘብና የጤና ኤክስቴንሽን

በሽታን አስቀድሞ ለመከላከል ስለሚሰጥ የእርዳታ ገንዘብ ሲነሳ፣ ቀድሞ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በየገጠር ቀበሌው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው አካባቢ ተመልምለው ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች ተመድበው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ አጎበር አጠቃቀም ያስተምራሉ። ደመወዛቸውን የሚከፍለው መንግሥት ሲሆን፣ ክትባቱና አጎበሩ ግን በአመዛኙ እንደ ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪና ኤድስን፣ ቲቢንና ወባን ለመዋጋት ገንዘብ እንደሚሰጠው ግሎባል ፈንድ ካሉ ድርጅቶች በሚገኝ ድጋፍ ይቀርባል። በእኔ እይታ የፕሮግራሙ ትልቁ ብልሃት ይህ ክፍፍል ነው፤ ለጋሹ ፊቱን ቢያዞር እንኳ ሠራተኛዋ ከቀበሌዋ አትነቀልም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቋርጥ፣ በዚያ ገንዘብ በኢትዮጵያ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል።

ለጋሾች ገንዘባቸውን ለአንድ በሽታ ብቻ መመደብ ይቀናቸዋል (ሪፖርቱ ስለሚቀል ይመስለኛል)። የበርካታ ለጋሾች መዋጮ የሚጠራቀምበትና በጤና ሚኒስቴር የሚተዳደረው የዘላቂ ልማት ግቦች አፈጻጸም ፈንድ ግን፣ ገንዘቡ በጋራ በተስማሙበት ዕቅድ መሠረት ክፍተት ወደታየበት ሥራ እንዲሄድ ያስችላል።