«አላጨስም» ያሉኝ ታካሚ

ካርዱ ላይ «አያጨሱም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የ61 ዓመት ሰው ናቸው። ሳል፣ ትኩሳትና ቀኝ ትከሻቸውን የሚጠዘጥዝ ሕመም ይዘው መጡ። የዚያን ዕለት የተመላላሽ ክፍሉ በወረፋ ተጨናንቆ ነበር። ከጽሑፌ ቀና ሳልል «ሲጋራ ያጨሳሉ?» አልኳቸው።

«አላጨስም፣ ዶክተር።»

ራጁ በቀኝ ሳንባቸው አናት ላይ ትንሽ ጥላ አሳየኝ። የሳንባ ምች ነው ብዬ አንቲባዮቲክ አዘዝኩ፤ የትከሻውን ሕመም የጡንቻ ነው አልኩት። ትኩሳቱ ለቀቃቸው። በዚያ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ ራጁ መደገም ነበረበት፤ ቀጠሮ አልሰጠኋቸውም።

ከአምስት ወር በኋላ ተመለሱ። በመካከሉ ሌላ ባልደረባዬ ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ሰጥቷቸዋል። ዘጠኝ ኪሎ ቀንሰዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ አንገታቸውን ሳይነካ ይዞራል። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉ ነው የጣቶቻቸውን ጫፍ ያስተዋልኩት። ወፍረዋል፤ ጥፍሮቹም እንደ ሰዓት መስታወት ጎብጠዋል። የሁለት እጆቻቸውን ጠቋሚ ጣቶች ጥፍር ለጥፍር ገጥመው ወደ መብራቱ እንዲያነሷቸው ጠየቅኳቸው። በጤነኛ ሰው ጥፍሮች መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ የአልማዝ ቅርጽ ክፍተት ይታያል። በእርሳቸው ጣቶች መካከል ምንም ብርሃን አላለፈም። እንዲህ ያለው የጣት ጫፍ መወፈር የሳንባ ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል።

ወንበሬን ወደ እርሳቸው ሳብኩ። «አጭሰው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በቀን አንድ ፓኬት። ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።» በኩራት ነው የነገሩኝ፤ ኩራቱም ይገባቸዋል። መጀመሪያም አልዋሹኝም። ያኔ የጠየቅኩት ስለዛሬ ነበር፤ ሳንባቸው የያዘው ግን የትናንቱን ነው።

በቀን የሚጨሰው ፓኬት በዓመታቱ ሲባዛ «ፓኬት-ዓመት» ይባላል፤ በቀን አንድ ፓኬት ለ30 ዓመት ማለት 30 ፓኬት-ዓመት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ምክር፣ ዕድሜው ከ50 እስከ 80 የሆነ፣ ቢያንስ 20 ፓኬት-ዓመት ያጨሰ፣ ዛሬም የሚያጨስ ወይም ካቆመ 15 ዓመት ያላለፈው ሰው በየዓመቱ ለሳንባ ካንሰር በዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ስካን እንዲመረመር ያሳስባል። ታካሚዬ ገና ሳል ሳይጀምራቸው ይህን ሁሉ ያሟሉ ነበር። ይህ ምርመራ እንዲሁ የወረቀት ሥርዓት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት፣ በራጅ ከተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር የሳንባ ካንሰር ሞትን በ20 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

የድሮውንና አዲሱን ራጅ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ጥላው ያው ቦታ ላይ ነው፤ የአንገት አጥንትና የመጀመሪያው የጎድን አጥንት በሚሻገሩበት፣ ዓይን ቶሎ አልፎ በሚሄድበት ጥግ። ምች ቢሆን ኖሮ ሲታከም ይጠፋ ነበር፤ ይህ ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ ሰፍቷል። ሲቲ ስካኑና ናሙናው ካንሰር መሆኑን አረጋገጡ። የትከሻው ሕመምም የጡንቻ አልነበረም፤ ዕጢው ከሳንባው አናት በላይ የሚያልፉትን ነርቮች እየነካ ነበር።

ውጤቱን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ማቆሜ ከንቱ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልነበረም። ሲጋራ ያቆመ ሰው አደጋው ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፤ ፈጽሞ አጭሶ ከማያውቅ ሰው ጋር ግን እኩል አይሆንም። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ሳንባቸው ሕክምናውን የሚችልበት አቅም ያገኘው በማቆማቸው ጭምር እንደሆነም ጨመርኩላቸው። ቀጥዬም መጀመሪያ ሲመጡ ምን ሳልጠይቃቸው እንደቀረሁ በግልጽ ነገርኳቸው። እጄን ያዝ አደረጉና «ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ እነግርዎት ነበር» አሉኝ።

ኬሞቴራፒውና የጨረር ሕክምናው ተጀመረ፤ የሕመም ማስታገሻውም አብሮ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት። እኔም ካርዱን አውጥቼ «አያጨሱም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፤ ከጎኑ «30 ፓኬት-ዓመት፣ ካቆሙ 9 ዓመት» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀን አኑሬ ፈረምኩ። የሕክምና መዝገብ ይታረማል እንጂ አይፋቅም፤ የመጀመሪያው ጽሑፌ ከመስመሩ ሥር ዛሬም ይነበባል።