ሁሉንም የመለሱት እናት

ቨርጂኒያ ውስጥ የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች በሚታከሙበት ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ታካሚዎቻችን ቤታቸው ሆነው በታብሌት የሚሠሩት ፈተና አለን። ሁለት ዕቃ የተቀመጠበት ክፍል በሥዕል ያያሉ። ሰዓት ገደማ ቆይቶ ክፍሉ ባዶውን ይመጣል። «እዚህ ጋ ምን ነበር?» ይባላሉ። ከባዱ ይሄ ነው። አልዛይመር ቀድሞ ከሚጎዳቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ፣ አዲስ ትውስታ የሚመዘግበው ሂፖካምፐስ ስለሆነ አዲስ ነገር ይዞ መቆየት ቶሎ ይዳከማል። የሠርጋቸውን ቀን አንድ በአንድ የሚያወሩ ሰው ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ የአንዲት ሐበሻ እናት ውጤት ደረሰኝ። አንድም አልሳቱም። ክሊኒክ የመጡ ዕለት ግን ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁኝ ነበር። አልተዋጠልኝም። በቪዲዮ ደወልኩ።

«እማማ፣ ፈተናው እንዴት ነበር?»

«ኧረ ምንም አይል ልጄ። እሷ ትነግረኝ የለ!»

ልጃቸው ከጎን ብቅ አለች። «ሲስተር፣ እማዬ ስትጨነቅ እያየሁ ዝም ልበል እንዴ?»

አልተቆጣኋትም። የወላጅን ገመና መሸፈን ያደግንበት ነው። እዚህ ላይ ግን ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የሚባለው የአልዛይመር መድኃኒት የሚሰጠው በሽታው ገና ጅምር ላይ ላሉ ሰዎች ነው። አያድንም፣ ያዘገያል። በሽታው ከገፋ በኋላ ግን አይሰጥም። ይሄንኑ ነገርኳት።

«አልዛይመር አለባት ማለት ነው?» አለችኝ፣ እንባ እየተናነቃት።

አይደለም። ፈተናው ብቻውን በሽታውን አይለይም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። ቀድመን የምናጣራው እነሱን ነው።

እማማ በሌላ ቀን፣ በሌሎች ሥዕሎች፣ ብቻቸውን ተፈተኑ። ውጤታቸው በጣም ወረደ። ሐኪሙ የደም ምርመራና ኤምአርአይ አዘዘላቸው።

አሁን ሊንኩን ከመላኬ በፊት ለልጆች እደውላለሁ። ታብሌቱን ቻርጅ አድርጉ፣ መነጽራቸውን አቀብሉ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ከዚያ ከክፍሉ ውጡ እላለሁ። ዝም ብላችሁ ውጡ ብቻ ማለት ግን ይከብዳል። ስለዚህ ሌላ ሥራ እሰጣቸዋለሁ፦ ያያችሁትን ለውጥ ጻፉልኝ። መድኃኒት መውሰድ ይረሳሉ? ድስት ጥደው ይሄዳሉ? የለመዱት መንገድ ይጠፋባቸዋል? ከመቼ ጀምሮ?

ያቺ ልጅ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ ላከች። ሐኪሙ እማማን ሲያናግራቸው ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቶ ነበር።