የጉዞ ፎጣ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃ ጠብ አድርጉበት

የጉዞ ፎጣ የሚሸጥ ሁሉ የሚያወራው ፎጣው ስንት ውሃ እንደሚጠጣ ነው። «የክብደቱን አራት እጥፍ ውሃ ይመጥጣል» ይላል ባለሱቁ፤ ማሸጊያውም ያንኑ ይደግማል። ድንኳን ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ፎጣው በእጅ ጥብቅ ተደርጎ ከተጨመቀ በኋላ ውስጡ ስንት ውሃ ይቀራል? ነፋስና ፀሐይ ማድረቅ ያለባቸው ያንን የቀረውን ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቤም ጊዜዬም አይባክንም ነበር።

የምኖረው ሰበታ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ወጥተን የምናድረው አብዛኛውን ጊዜ መናገሻ ሱባ ጫካ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ጫካው ከዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እንደተጠበቀ ይነገርለታል፤ ጥዱና ዝግባው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትገባው። የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ጠዋት ሣሩ በጤዛ ይርሳል። ማታ እግር የታጠብንበት ፎጣ ሲነጋም እንደረጠበ ነው። እሱን ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የከተተ ሰው ቤቱ ሲደርስ ሹራቡም የመኝታ ከረጢቱም ሻግቶ ያገኘዋል።

የቤት ፎጣ ለዚህ አይሆንም፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። ወፍራም የጥጥ ፎጣ በካሬ ሜትር 500 ግራም ገደማ ይመዝናል። 70 በ140 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግማሽ ኪሎ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በእጅ ተጨምቆ እንኳ የራሱን ክብደት የሚያህል ውሃ ይዞ ይቀራል። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሆነ ቀጭን ጨርቅ ግን በዚያው ስፋት 200 ግራም አይሞላም፤ ውሃውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀጭን ማይክሮፋይበር፣ ማለትም እጅግ ከቀጠነ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ፎጣ፣ ልገዛ ወሰንኩ። እስከዚህ ድረስ ችግር አልነበረም።

ጣጣው የጀመረው ግዢው ላይ ነው። አዲስ አበባ አንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ፎጣው በላስቲክ ታሽጓል፤ «ማይክሮፋይበር፣ ለስፖርትና ለጉዞ» ተብሎ ተጽፎበታል። ባለሱቁን ክፈተውና በእጄ ልየው ብለው «ወንድሜ፣ ከከፈትኩት ማን ይገዛኛል? አንደኛ ዕቃ ነው፣ አትጠራጠር» አለኝ። ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ፣ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና በማንኪያ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። ውሃው አልገባም። ጨርቁ ላይ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሆኖ ቆመ። ጫፉን ከፍ ሳደርገው እየተንከባለለ ወርዶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ጨርቁን ስነካው ደረቅ ነው። እርጥብ ክንዴን ስጠርግበት ውሃውን ከአንጓዬ ወደ ክርኔ ገፋው እንጂ አላነሳውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ማይክሮፋይበር በብዛት የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ክር፣ ፖሊስተር፣ በባሕርዩ ውሃ ወደ ውስጡ አያስገባም። ጥጥ ደርቆ ተሰቅሎ እንኳ ከአየር ላይ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶም አይሞላም። ደህና ማይክሮፋይበር ውሃ የሚያነሳው ክሩ እጅግ ስለቀጠነ ነው፦ ክሩ የተሠራባት የአንዷ ቀጭን ጭረት 9,000 ሜትር ቢመዘን ከ1 ግራም በታች ነው። ፖሊስተሩ ከፖሊያማይድ (ከናይሎን) ጋር፣ ብዙውን ጊዜ 80 በ20 ተደርጎ፣ ይሠራና ጭረቱ በፋብሪካ ይሰነጠቃል። ውሃው የሚያዘው በስንጥቆቹ መካከል ነው። ጭረቱ ካልተሰነጠቀ ወይም ጨርቁ ለስላሳ እንዲመስል ማለስለሻ ከተቀባ ፎጣ ሳይሆን ሽርጥ ነው የሚሆነው። እኔ የተሸጠልኝ እንዲህ ያለው ነበር።

በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። ባለሱቁ ጣቱን ግድግዳው ላይ ወዳለው ጽሑፍ ቀሰረ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህንኑ ነገርኩት። «እንግዲያው አዋጁን ላወጣው ሂድና ንገረው» አለኝ።

ሄድኩም። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልኩበት ቢሮ ገባሁ። ወረፋ ጠብቄ ስደርስ የተቀበለኝ ሠራተኛ ደረሰኙን አገላብጦ አየና «እዚህ ላይ ፎጣ የሚል የለም» አለ። እውነትም ማሽኑ ያተመው «ልዩ ልዩ» የሚል ነው። ባለሱቁ ያሻውን ጽፎ በሰጠኝ ወረቀት ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ። ቀጠለና «ጉድለት ማለት የተቀደደ፣ የተሰበረ ነው፤ ይሄ ምኑ ተቀደደ?» አለኝ። ፎጣ ውሃ ካላነሳ ከዚህ የበለጠ ምን ጉድለት አለው? አንድ ብርጭቆ ውሃ ይምጣልኝና እዚሁ ላሳይዎት ብለው «ፋይል ላይ ውሃ ልታፈስብኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ተመለስ ተባልኩ። ሰኞ ስመለስ ያ ሠራተኛ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ በቦታው የተቀመጠችው ልጅ «ማመልከቻዎትን እንደገና ይጻፉልኝ» አለችኝ። እንዲህ ስንባባል 15 ቀኑ አለፈ።

አሁንም ባስታወስኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያናድደኝ ያ ብርጭቆ ውሃ ነው። ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሸማቹን ጠብቅ ተብሎ የተቀመጠ ሰው ማስረጃው ፊቱ ቀርቦለት አላይም ካለ፣ አዋጁ ወረቀት ላይ መስፈሩ ለእኔ ምን ፈየደልኝ?

ስለዚህ ምክሬ ጠንካራ ነው። የታሸገ ፎጣ አትግዙ። አልከፍትም ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ውጡ። በኪሳችሁ ትንሽ ኮዳ ውሃ ያዙና ጠብ አድርጉበት፤ ወዲያው ካልገባ ተዉት። ሻካራ ጣታችሁን ጨርቁ ላይ አንሸራትቱ፤ የተሰነጠቀ ማይክሮፋይበር ቆዳችሁን ያዝ ያዝ ያደርጋል፣ እንደ ሐር የሚንሸራተት ከሆነ አይጠቅምም። ደረሰኙ ሳይታተም በፊት የዕቃው ስም «ፎጣ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሻጩ ቢነጫነጭም ጠይቁ።

ትልቁን ውሰዱ ለሚሏችሁም ጆሮ አትስጡ። ለአንድ ሰው 40 በ80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሰውነትን በእጅ አራግፎ፣ ጠርጎ፣ ጨምቆ፣ እንደገና መጥረግ ነው።

ፈረንጆቹ «ለጫካ ጥጥ አትያዙ» ይላሉ። ለልብስ እውነት ነው፤ ለፎጣ ግን በእኛ አገር በጋ አልቀበለውም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ሳሳ ያለ፣ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ፎጣ ገዛሁ፤ ሻጯ «የኔ ልጅ፣ እንደፈለግህ ዘርግተህ እየው» ብለው ራሳቸው አወጡልኝ። ሁሉም ግን ንጹሕ ጥጥ አይደለም። ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሠራል። አዲሱ ጥጥ መጀመሪያ ውሃ እምቢ ሊል ይችላል፤ ደጋግማችሁ በሙቅ ውሃና በሳሙና ስታጥቡት ይከፈታል። እኔ ከጥቅምት እስከ ጥር የምይዘው ይህንን ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ረፋድ ላይ ፀሐይ ከመታው ምሳ ሳይደርስ ይደርቃል፣ ሽታም እንደ ፖሊስተር ቶሎ አይዝም። ለክረምት ደህና ማይክሮፋይበር ይሻላል፤ አየሩ ራሱ ውሃ በጠገበበት በሐምሌ ጭምቁ ላይ ጥቂት ውሃ የሚያስቀር ጨርቅ ያስፈልጋል። በሐምሌ ሌሊት ድንኳን ውስጥ የሚደርቅ ፎጣ ግን የለም፤ ይደርቃል የሚላችሁን አትመኑ።

አያያዙ ላይ ማሸጊያው «በማንጠልጠያው ስቀሉ» ይላል። በማንጠልጠያው የተሰቀለ ፎጣ ተጣጥፎ ስለሚንጠለጠል እጥፋቱ ውስጥ ነፋስ አይገባም። ገመድ ላይ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፤ ስትጓዙ ደግሞ በመርፌ ቁልፍ ቦርሳችሁ ጀርባ ላይ አያይዙት፣ እየሄዳችሁ ይደርቃል። እሳት ዳር አትስቀሉት። የጥድ እንጨት ፍንጣሪው ብዙ ነው፣ ማይክሮፋይበሩን ሲነካው ያቀልጠውና ይበሳዋል። ሲታጠብ ሳሙና ብቻ፤ የልብስ ማለስለሻ ስንጥቆቹን ስለሚደፍናቸው ደህናውን ፎጣ እኔ የተሸጠልኝን ዓይነት ያደርገዋል። ማይክሮፋይበሩን ከጥጥ ልብስ ጋር አትዘፍዝፉት፤ ብናኙን ሁሉ ለቅሞ ይይዘዋል።

ቤታችሁ የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ፎጣውን ደረቁን መዝኑት፣ ነክራችሁ አቅማችሁ በፈቀደ ጨምቁትና እንደገና መዝኑት። ልዩነቱ ነው ተሸክማችሁ የምትወጡት ውሃ። ሁለት ፎጣ አወዳድራችሁ ስትመርጡ ልዩነቱ ያነሰውን ውሰዱ።