ኢኽ፣ ኢሽ፣ ኢክ

ቱሉ ዲምቱ፣ ማክሰኞ ማታ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ዛሬ «እኔ» የሚለውን የጀርመንኛ ቃል በሦስት ዓይነት አሉት። በመስኮቱ በኩል ያሉት «ኢሽ» አሉ፣ መካከል ያሉት «ኢክ»፣ የኋላዎቹ ደግሞ ጉሮሯቸውን እየፋቁ «ኢኽ»። ሦስቱንም ስህተት ነው ለማለት አፌ አልደፈረም። በርሊን ውስጥ «ኢክ» የሚል ሞልቷል፤ በራይን ወንዝ ዳር፣ በኮሎኝ አካባቢ ደግሞ «ኢሽ» የሚለው ብዙ ነው። የሚሳሳቱትም እንደ ጀርመኖቹ መሆኑ አጽናናኝ።

ፈተና ላይ ግን ትክክለኛው ይፈለጋል። «ሂ» ሊሉ እንደሆነ ሁሉ ምላስን ወደ ላንቃ አስጠግቶ፣ ድምፅ ሳያሰሙ አየሩን ብቻ ማውጣት ነው። ይህን በሰሌዳው ላይ አፍ እየሣልኩ ሳስረዳ፣ ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ይህማ እናቴ የምትናገረው ድምፅ ነው» አለች። እናቷ ቸሃ ጉራጌ ናቸው። እውነቷን ነው፤ በቸሃ ወደ ላንቃ የተጠጋ «ኽ» አለ። ተነሥታ አለችው፤ ከእኔ ይልቅ ያማረ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ፤ እኔም ጠመኔዬን አስቀምጬ ልምምዱን ለእሷ ለቀቅሁላት።

የሚያናድደኝ ነገር አለ። ልጆቹ ወደ ጀርመንኛ የሚገቡት በእንግሊዝኛ በር ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ስለሆኑ ብዙ ቃላት ይመሳሰላሉ፤ ይህን አልክድም። ግን ዝምድናው ያሳስታል። ብርድ ሲሆን «ኢኽ ቢን ካልት» ይሉኛል፤ እንግሊዝኛው እንደዚያ ስለሚል። ጀርመኑ የሚለው «ሚር ኢስት ካልት» ነው፤ ሰውየው ባለቤት ሆኖ ሳይሆን ብርዱ የሚደርስበት ተቀባይ ሆኖ ይገባል። ይህን ማን እንደኛ ያውቀዋል? በረደኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ ስንል የኖርን ሰዎች ነን። «እንግሊዝኛውን እርሱት፣ በረደኝ በሉ» ስላቸው ፊታቸው ይበራል።

«ስለሚበርድ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። «ቫይል ኤስ ካልት ኢስት»፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ቁጭ ይላል። በእንግሊዝኛ ለሚያስብ ልጅ ይህ መከራ ነው፤ በአማርኛ ለሚያስብ ግን ግስ ከዚያ ሌላ የት ሊቀመጥ ኖሯል? ችግሩ የሚመጣው በዋናው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። እዚያ ግሡ ሁለተኛ ቦታ ላይ መሆን አለበት፣ ልጆቹ ደግሞ አንዴ ደስ ስላላቸው ሁሉንም ግስ ወደ ኋላ ይወረውሩታል። ዛሬ ያረምኩት ደብተር ሁሉ በዚህ የተሞላ ነው።

ተሳቢውንም ወደድኩት። «ዴር ሁንት» ተሳቢ ሲሆን «ዴን ሁንት» ይሆናል፤ ውሻው፣ ውሻውን። «ን» በ«ን» መጋጠሙ እንዲያው የዕድል ነገር ነው፣ ለማስታወስ ግን ይጠቅማል። እርግጥ በጀርመንኛ በነጠላ የሚለወጠው ተባዕቱ ብቻ ነው። ስለ ጾታው ደግሞ ባልጀምር ይሻላል። «ልጃገረድ» የሚለው ቃል ሴትም ወንድም አይደለም ብዬ ያስተማርኩ ቀን ሴቶቹ ተማሪዎች የተቆጡት ቁጣ አይረሳኝም።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ሳወራ የአማርኛው መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሻያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ እርስዎ ሄዱ፣ እነርሱ ሄዱ» አሉኝና ዝም አሉ። ወዲያው ገባኝ። ለአክብሮት የምንጠቀምበት ግስ ከብዙ ቁጥሩ ጋር አንድ ነው፤ በጀርመንኛም «ዚ» ሲባል ያው ነው፣ በጽሑፍ የሚለየው በትልቅ ፊደል ብቻ ነው። እሳቸው ጀርመንኛ አይችሉም፤ ይህን ያወቁት ስለ ጀርመናዊው ሊቅ ስለ ኢዮብ ሉዶልፍ ሲያነቡ ኖሯል። የኤርፈርቱ ሉዶልፍ ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ድረስ አስመጥቶ ከእሳቸው ተማረ፤ የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው በ1698 ነው። «እነሱ የእኛን ለመማር መነኩሴ አስመጡ፤ የእናንተ ልጆች መጽሐፍ ታቅፈው ያማርራሉ» አሉኝ። ጋሼ ማማረር የሚወዱት ራሳቸው ናቸው፤ ግን ነገሩን ለክፍሉ እነግራቸዋለሁ።

አናባቢው ነው የሚያደክመኝ። ሁለት ነጥብ የተጫነበትን ኡ ለማለት ምላስ «ኢ»፣ ከንፈር «ኡ» መሆን አለበት። ሴቶቹ የእጅ መስታወት አውጥተው ከንፈራቸውን ሲያሾሉ ወንዶቹ በሳቅ ይሞታሉ፤ መስታወቱ ግን ሠራ። ርዝመቱ ይብሳል። «ሚተ» ሲረዝም ኪራይ ነው፣ ሲያጥር መካከል። ጀርመኖች አጭር መሆኑን የሚያሳዩት ተከታዩን ተነባቢ ደግመው በመጻፍ ነው። ልጆቼ ሁለት «ት» ሲያዩ ያጠብቁታል። እኛ እናጠብቃለን፣ አንጽፍም፤ እነሱ ይጽፋሉ፣ አያጠብቁም። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎቹ ግን ሳይነገራቸው ልዩነቱን ይሰማሉ፤ በቁቤ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ መጻፍ ለምደዋል። በዚህ ሰፈር ደግሞ እነሱ ብዙ ናቸው። ከነገ ወዲያ የአነባበቡን ረድፍ እነሱ ይመሩታል ብዬ ወስኛለሁ።

ወላጆች «ለምን ጀርመንኛ?» ማለታቸውን አላቋረጡም። ለአንዳንዶቹ መልሱ ነርስነት ነው፤ ለዚያ ሥልጠና ብዙ ጊዜ ቢ1 ወይም ቢ2 ደረጃ ይጠየቃል፣ እኛ ገና በጀማሪዎቹ ደረጃ፣ ኤ1 ላይ ነን።

ነገ ሰዓት ነው የማስተምረው፤ እዚህ ላይ የእኛ ነገር ምንም አይረዳም። «ሃልፕ ድራይ» ማለት ሦስት ሊሆን ግማሽ ሰዓት የቀረው፣ ሁለት ተኩል ነው። ያ ደግሞ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ስምንት ተኩል ይሆናል። ይህን አምና ሳስረዳ አንዱ ጣቱን እየቆጠረ ቆየና «መምህር፣ እስከዚያ ባቡሩ አይሄድም?» አለኝ።